የሚሄድ ሰው ዱባ አይተክልም

ሰቆጣ፣ በሰኔ ጾም

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከረምሽልኝ እህቴ? ጉልበትሽስ፣ ደመናው ሲከብድ መጠዝጠዙን ተወሽ? ፍየሎቹ ወለዱ? የአዲሱ ቤትሽ ክዳን የሰኔን ዝናብ ቻለው ወይስ ከየጥጉ ሳፋ እየደቀናችሁ ነው? ይኸው ጀመርኩ። ባለፈው እዚህ ሳለሽ "አንቺ ሴት፣ አንዱን ሳልመልስልሽ ሌላውን ትጠይቂኛለሽ" ብለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ አለኝ። ምን ላድርግ፣ አፌና ናፍቆቴ ሲሽቀዳደሙ እንዲህ ነኝ። መልሱን ደብዳቤውን ላደረሰልሽ ለዋሴ ንገሪው። ሹፌር ነው ብለሽ አትናቂው፤ ከሰቆጣ ኒሯቅ ድረስ እህልም ወሬም ሳያፈስ የሚያደርስ እሱ ብቻ ነው።

እኔን ብትዪ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁንና ቆሜ እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፤ መዝገብ ቤቱ እንደምታውቂው ነው፣ አቧራው ከሠራተኛው ይበልጣል። ውሃ አሁንም በወረፋ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኑ ከቦኖው እስከ አስፋልቱ ተደርድሮ ሲታይ የሠርግ አጃቢ ይመስላል። የሺመቤት፣ ያቺ ካብ ለካብ የምንጎራበተው፣ አፏ ሚጥሚጣ የሆነው ጎረቤቴ፣ ሰላም በዪልኝ ብላለች። "ለዚያች አንካሳ ሰላም በዪልኝ" ነው ያለችው፤ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ ይኸው ጻፍኩት። በፍቅር ነው። እሷ ሰው ካልሰደበች እንደወደደችው አይታወቃትም።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ኔትወርክ ስትፈልጉ ከመንደራችሁ በላይ ካለው ጉብታ እንደምትወጡ ነግረሽኛል። ግን በዚህ ሰሞን ድምፄ ለስልክ አይሆንም። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ሰው መሀል ላይ ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ቢመለስ ማንም አያውቅበትም።

ደግሞ ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጃችን ይታየሽ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ፊደል ባትቆጥሪም እሷ ቆጥራልሻለች። ይታየሽ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላት። ረጅም ነገር ሲገጥምሽ እንደ ልማድሽ አትሩጪ፤ አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ ውሰጂ። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ዝም ብትልብሽ አትቆጫት። የእጅ ጽሑፌ ስለማይነበብ ነው።

ብዕር ያነሳሁት ከዋሴ አንድ ነገር ሰምቼ ነው። በግንቦት ከእኔ ዘንድ ሸኝቻት ኒሯቅ ስትደርስ፣ ከመኪናው ወርዳ ባጠገብሽ አልፋ ገባች አሉ። እስከዛሬም የምትጠይቂያትን ትመልሳለች እንጂ አደይ፣ እናቴ፣ ብላ አልጠራችሽም አሉ።  ቁጣዋ ለእኔ የተሰፈረ ነበር፤ አንቺ ስለተገኘሽ አንቺ ላይ ወረደ። ስለዚህ ያላየሻቸውን ዓመታት ልንገርሽ። የእኔ መስለውኝ ሳስቀምጣቸው ኖርኩ እንጂ ያንቺ ናቸው።

በጦርነቱ ኒሯቅ ባዶዋን የቀረች ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሰቆጣ ሲጎርፍ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ተውጣጥተን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ እናድል ነበር። ሰው በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይመርቃል፣ ያልፋል። አንዲት ፍሬ የምታህል ልጅ ግን አንድ እጇን ብቻ ዘረጋችልኝ። ሌላው እጇ ደረቷ ላይ ቋጠሮ ጨብጧል። "በሁለት እጅሽ ተቀበዪ እንጂ የኔ እናት" ብላት "አይሆንም፣ አደራ ይዣለሁ" አለችኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከማን ጋር እንደመጣች ስንጠይቅ ግን የሚያውቃት ጠፋ። መንገድ ላይ ሰው ሲበታተን አንቺ ወድቀሽ፣ እግርሽ ተሰብሮ፣ ሌሎች ተሸክመውሽ ተከዜን መሻገራችሁን ያን ጊዜ ማን ያውቃል። ሞታለች ያሉም ነበሩ፤ ልጅቷ ባለችበት ነው የሚሉት። እሷ ቋጠሮዋን እያየች "አደይ ራሷ ናት የምትፈታው" ትላለች።

እናቷ እስክትመጣ ብዬ ወሰድኳት። ቃሉ እንዲህ ነበር፤ እናቷ እስክትመጣ።

ያን ሰሞን ሰቆጣ ስለ እኔ ያላወራው አልነበረም። ከጎጃም መጥታ መዝገብ ቤት የተቀመጠች፣ ትዳሯ ያልሰመረ፣ ማህፀኗ ያልተከፈተ ሴት ድንገት ልጅ ይዛ ስትታይ ምን ይባላል? "ደብቃ ወልዳ ደብቃ አሳድጋ አሁን አወጣቻት" አሉ። የሺመቤት ይህን ሰምታ ቦኖው ላይ ሰው በተሰበሰበበት "እሷ ሽንኩርት ደብቃ መግዛት የማትችል ሴት፣ ልጅ ደብቃ ልታሳድግ?" ብላ ዘጋችልኝ። ጎረቤት ማለት ይሄ ነው።

ቋጠሮው ውስጥ ያለው የዱባ ፍሬ መሆኑን ያወቅሁት ሲከራርም ነው። ከነጠላሽ ጫፍ ቀድደሽ የቋጠርሽላት። ስትወጡ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር አለችኝ። ሰው ልብሱን፣ ሰው ፍየሉን ሲያነሳ አንቺ ፍሬ ለቅመሽ ልጅ እጅ ላይ ያኖርሽበትን ነገር ሳስበው እኖራለሁ።

እኔ የዳሞት ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት የዱባ ሐረግ ጣራ ላይ በሚወጣበት ግቢ ነው። እንደዘንድሮው የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲሸት እጄን በላኝና "ነይ እንትከለው" አልኳት። ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች። "የሚሄድ ሰው ዱባ አይተክልም" አለችኝ። ማን አለ ብላት "አደይ" አለች። ጎመን ቢሆን ቶሎ ቆርጠሽ በልተሽ ትሄጃለሽ፣ ዱባ ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ዓይንሽን ይፈልጋል፣ ትተሽው ከሄድሽ ሐረጉ ባለቤቱን ፍለጋ መንገድ ይወጣል ብለሽ እንደነገርሻት አጫወተችኝ። አንቺ በቆላው፣ ሰው ፍየሉን ተከትሎ ቦታ በሚለውጥበት አገር የምትናገሪውን፣ እሷ እዚህ ለእኔ ሕግ አድርጋ አመጣችው። ያን ክረምት አልተከልንም። ግቢዬ ባዶውን ከረመ፤ እሷም ልብሷን አጥፋ ከራስጌዋ አድርጋ ከረመች።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ከቢሮ ስገባ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ እትዬ ነበር የምትለኝ። "እትዬ፣ ዶማው የት ነው?" አለች። ሰጠኋት። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። እኔ ጉድጓዱን እከፍታለሁ፣ የየሺመቤትን አህያ የከረመ ፋንድያ አገባበታለሁ፣ እሷ ፍሬውን ሹሉን ጫፍ ወደ ታች እያደረገች ትጥላለች፣ አፈር ታለብሳለች፣ በመዳፏ ትደበድባለች። የመጨረሻዋን ስትጥል አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እኔስ በደስታ ነበር፤ ልትቀር ነው ብዬ፣ ቤት አደረገችኝ ብዬ። እሷ በምን እንዳለቀሰች የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንቺን መጠበቋን ነበር አፈር ያለበሰችው።

በማግስቱ እማ አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የዱባ ዘመን ነው። የእቃ እጣቢ አንደፋም፤ ሁሉም ለሐረጉ። ቅጠሉን ትል ሲጀምረው አመድ ታለብሰዋለች። ለጋውን ቅጠል ለጎመን ስቆርጥ "ከጫፉ አትንኪ፣ የሚሄድበትን ያሳጣዋል" ትለኛለች። ከፍሬዎችሽ መሀል አንዷ ነጭ አበባ አወጣች፣ ያውም ፀሐይ ስትጠልቅ የሚከፈት። የሺመቤት በካቡ ላይ አንገቷን አውጥታ "ዱባ ተክላችሁ ቅል በቀለላችሁ፣ እሰይ!" ብላ ሳቀች። ይታየሽ ተናደደች፤ "አደይ አትሳሳትም፣ ዘር ማስቀመጫ እንዲሆነን ነው" አለች። እውነትም ቅሉ ሲደርቅ አንገቱን ቆርጠን የየዓመቱን የዱባ ፍሬ በእሱ አስቀመጥን። ዛሬም ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። የራሱ ፍሬ የለውም፤ የሰው ዘር ያኖራል። እሱን እያየሁ ስንቱን አስባለሁ።

አበላሏንም ልንገርሽ፣ እንዳትቸገሪ። ወጡን ስትሠሪ ዱባውን አታድቅቂው፤ ቁራጩ ቁራጭ ሆኖ ካልመጣ ትተወዋለች። በርበሬ ትችላለች። ቅቅል ሲሆን ከነልጣጩ፣ ጨው ብቻ። ልጣጩን ልልጥ ስል "አደይ እንዲህ አታደርግም" ብላ ቢላዋውን ቀማችኝ። ፍሬውን ስትቆሉ አትመኛት፣ ሳይበርድ ትበላና ምላሷን ታቃጥላለች። ሲያማት ደግሞ አትናገርም። ዝም ብላ ግድግዳ ተደግፋ ከተቀመጠች ግንባሯን ዳብሺ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አምና ከሐረጎቹ አንዱ ካቡን ተሻግሮ የየሺመቤት ግቢ ገባ። እዚያ አፈራ። ፍሬው ገና ጡጫ ሲያክል ይታየሽ ካቡ ላይ ተንጠልጥላ በምስማር አንድ ነገር ጫረችበት፤ ምን እንደሆነ አላየሁም። ዱባው አደገ፣ አደገ፣ የሳር ሞሰብ አከለ። ጥቅምት ላይ ልንቆርጥ ስንሄድ የሺመቤት ቆመች።

"ይቺ የቢሮ ሴት! ዱባሽ እግር አውጥቶ እኔ ቤት ሲመጣ ምነው ያልጠራሽው? እንዳይበሰብስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያነጠፍኩለት እኔ፣ ከዶሮ የተከላከልኩለት እኔ፣ ያጠጣሁት እኔ! በእኔ አፈር ተኝቶ አድጎ ያንቺ ሊሆን?" አለች።

እኔም ጎጃሜነቴ ተነስቶ "ማጠጣትና መጠበቅ ባለቤት አያደርግም! ሥሩን ጠይቂ! ሥሩ የት ነው?" አልኳት። ይህን ሰፈር እስኪሰማ ጮኼ ነው ያልኩት። አከራያችን አቶ መንግሥቴ ከራሳቸው በረንዳ መጥተው "ልጆች፣ ዱባ ይከፈላል፣ ጎረቤት ግን አይከፈልም፤ ግማሽ ግማሽ ውሰዱ" አሉን። እሷ ልትስማማ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት፤ "የለም ጋሼ፣ ሥር ይዳኘን" ብዬ። ተረታችልኝ። ይታየሽ ዱባውን እንደ ሕፃን አዝላ፣ ነጠላ አስራ፣ እየሳቀች ካቡን ዞራ መጣች። ቤት ገብታ ስታወርደው ያኔ አየሁት። በምስማር የጫረችው ፊደል ከልጣጩ ጋር አብሮ አድጎ፣ ጠባሳ ሆኖ፣ መዳፍ አክሎ ተቀምጧል። "እማ" ይላል። ያን ዱባ መቁረጥ አቃተኝ። ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ሌሎቹን በላን፣ ሰጠን፤ እሱ ቀረ።

ከዚያ ጥምቀት ሳይርቅ አንቺ መጣሽ።

ዱላ ተደግፈሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ማን እንደሆንሽ የነገረኝ የለም። ይታየሽ የተቆላ ፍሬ ስትፈለቅቅ ነበር፤ ፈልቅቃ የያዘችው ከእጇ ተበተነ። ወዳንቺ አልሮጠችም፣ ከቀሚሴ ኋላ ገባች። አንቺም አልጮኽሽ፣ አላለቀስሽ፤ "ትልቅ ሆናለች" ብቻ አልሽ። እኔ ብሆን ሰማይ ምድሩን አናውጠው ነበር። ማታ እግርሽን ሳጥብሽ ያልሽኝን እስክሞት አልረሳውም። "እህቴ፣ እናቷ አንቺ ሆነሻል። ከፈለገች ትቅር፣ እኔ እየመጣሁ አያታለሁ፤ በሕይወት አለች፣ ይበቃኛል" አልሽኝ። ሌላ ልጅ እንዳልቀረሽ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ ከአንቺ አንደበት አልወጣም። እኔም እግርሽን አደረቅሁ።

በማግስቱ ወደ የሺመቤት ሄድኩ። እንድታበረታኝ ነው የሄድኩት፤ ትቅር በያት እንድትለኝ። ምስር ትለቅማለች። "ያሳደግኋት እኔ፣ ውሃ ተሰልፌ ያጠብኳት እኔ፣ ሌሊት ስትባንን ያቀፍኳት እኔ፣ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ" አልኳት። ሰፌዱን እያንቀረቀበች አንገቷን ሳታቀና "ሥሩን ጠይቂ" አለችኝ።  ልቆጣት ፈለግሁ፤ ከየት አምጥቼ? የራሴ ቃል ነው። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል። "ሂጂ ልብሷን እጠቢላት፣ ቆሻሻ ይዛ አትሂድ፣ ያሙሻል" አለችኝ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ወሰድሻት። ስትሄዱ በጥርጊያው እስክትታጠፉ ድረስ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ታይ ነበር፤ እኔ ደግሞ እጄን ወዝውዤ በሩን ዘጋሁ፣ ባይዘጋ ኖሮ እከተላችሁ ነበርና። ሰው ልጅ ሲሞትበት ይለቀስለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል። የእኔ ልጅ ግን አልሞተች፤ እናቷ ተገኘች፤ ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ አደራሽን አስረከብሽ" ይለኛል። እኔም "አሜን፣ አብሮ ደስ ይበለን" እላለሁ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አለ እህቴ፤ በአሜን የሚለቀስ።

ከዚያ በግንቦት ይታየሽ ከቤትሽ ጠፋች። አንቺ ምን እንደሆንሽ አስቤዋለሁ፤ አንዴ የጠፋችብሽን ልጅ ዳግመኛ ማጣት። ዋሴ ከከተማችሁ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ብቻዋን ስትሄድ አግኝቶ አወቃትና ጫናት። ያ መንገድ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን። ሌላ ሰው ቢያገኛትስ? ጅብስ? ዋሴን እንዴት ወደ እናቷ አልመለስሃትም ብዬ ስጮህበት "እትዬ፣ ሁለት ቤት ያለው ልጅ መንገድ ላይ ነው የሚያድር፤ አንዱን ዝጉት" አለኝ። አንዱን ዝጉት። ሹፌር የተናገረው ነው፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስትገባ አቧራ ለብሳለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሳትጠጣ፣ ሳትቀመጥ፣ የመጀመሪያ ቃሏ "ዱባው ተተከለ?" ነበር። "ገና ዝናብ የት አለ" አልኳት። "እንግዲያው ደረስኩ" አለች። ቅሉን ከምሰሶው አወረደች፣ ፍሬውን መዳፏ ላይ ገለበጠች፣ ዶማውን አንስታ ወደ ካቡ ሄደች። የሚተክል ሰው እንደሚቀር እኔም እሷም እናውቃለን። ይህን ጊዜ እጇን ያዝኩት። እህቴ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ያቺን መዳፍ መያዝ ነው።

"አይተከልም" አልኳት። "እኔም መሄዴ ነው። ዝውውር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ አገሬ ፍኖተ ሰላም ልገባ ነው። ብትመጪም ከእንግዲህ አታገኚኝም። የሚሄድ ሰው ዱባ አይተክልም።"

አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀመች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ላግዛት ስል እጄን ገፋችኝ። "ሁላችሁም ትሄዳላችሁ" አለች። ዋሴ መኪናውን አስነስቶ ስትወጣ "ደህና ሁኚ እትዬ" አለችኝ።

እትዬ።

እንግዲህ ቁጣዋ ይሄ ነው። ለእኔ ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ይታየሽ፣ እዚህ ላይ ከደረስሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ እንዳትዘዪው፦ አደይ አልሄደችም። ወደቀች እንጂ አልሄደችም። በተሰበረ እግሯ መንደር ለመንደር እየጠየቀች ሰቆጣ ድረስ መጥታ አገኘችሽ። የሄደ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ስለ ዝውውሩ ለምትጠይቂኝ፣ አዎ እንዳልኩት ነው። ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ የቢሮ ነገር ታውቂያለሽ፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከላወስ ይከርማል። እቃዬንም ለመሸከፍ እያሰብኩ ነው። የሺመቤት ሰው ስለ ዝውውሬ ሲጠይቃት "የቱ ዝውውር?" ትላለች፤ እሷን አትስሟት፣ ወሬ ሲነገራት አታዳምጥም።

የያዘችውን ፍሬ ከተቻለ ሳይረፍድ በዚህ ሰኔ አስተክያት። እሷን ብቻዋን አትላኪያት፤ አንቺ አፈሩን ክፈቺ፣ እሷ ትጣል። ጉልበትሽ እንቢ ካለ ተቀምጠሽ ክፈቺ። ዘሩ ያንቺ ነው፤ ከኒሯቅ ተነስቶ ሰቆጣ ተሰድዶ፣ ወልዶ ከብዶ ወደ አፈሩ ተመለሰ። እንቢ ካለችሽ አትለምኛት፣ ዶማውን ደጃፍ ላይ አስቀምጪና ሥራሽን ሥሪ። አውቃታለሁ፣ ራሷ ታነሳዋለች።

ዋሴ ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ ዱባ ያደርስልሻል። ያ ቆጥ ላይ የከረመው ነው። አንድ ጎኑ ለስለስ ማለት ጀምሯልና ሳትቆዩ ለጾሙ ወጥ አድርጉት። የሺመቤት ጆንያ ውስጥ ስታስገባው "በመጨረሻ ለባለ ሥሩ ደረሰ" አለች፤ "ድንጋዩን ያነጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ ንገሪያት" ማለትም አልረሳችም። ልጣጩ ላይ የተጻፈ ነገር አለ። አንቺ ፊደል ስለማትቆጥሪ እሷ ታንብብልሽ። ጣቷን በፊደሉ ላይ እያስኬደች፣ አንቺን እያየች፣ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ቢያስፈልግ ደጋግማ። ከዚያ በኋላ ቁረጡት።

ሌላ ምን አለ? አዎ፣ ከየሺመቤት ጋር ያንን ካብ አፈረስነው። አቶ መንግሥቴ "ምን ነካችሁ" ቢሉን "ድንጋዩ ደከመው" አለቻቸው። አሁን ግቢው አንድ ነው፤ ሐረግ ቢመጣ የሚያግደው የለም።

ትናንት እዚህ ደህና ዝናብ ጣለ። ቤት ስጠርግ ከምሰሶው ሥር አንዲት ፍሬ አገኘሁ፤ ያን ዕለት ከመዳፏ የወደቀች መሆን አለባት። ደጅ ብተዋት ዶሮ ይለቅማታል ብዬ፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም፣ ዶማውን አነሳሁና ካቡ በነበረበት ቦታ ቀበርኳት። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች። በመዳፌ ደበደብኩት። እጣቢ ማጠጣትም ጀምሬያለሁ።

ይታየሽ እዚህ ላይ ዝም ካለች፣ እህቴ፣ ምን ሆነሽ ብለሽ አትጠይቂያት። ተያት። ጽሑፌ ስለማይነበብ ነው።

በሉ እንግዲህ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ አዲሱ ቤትሽ ይቁም፣ ፍየሎችሽ መንታ መንታ ይውለዱ። የተከልሽው ይያዝልሽ፣ የያዘው ያፍራልሽ፣ ያፈራው ከደጅሽ አይጥፋ። መንገዱን ፈጣሪ ሰላም ያድርገው፤ የሚሄድበትም ሰው አዋቂ ይሁን፣ ልጅ አይሁን። ስሚያት። ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ስሚያት፤ ግንባሯ ላይ፣ ጠጉሯ በሚጀምርበት። እዚያ ነው የምትወደው።

የልጅሽ አክስት